ጥቃቅን ቃላትን ስለ መጣል
በመጻሕፍት የቃላት ማውጫና በኮምፒዩተር ፍለጋ ላይ የቀረበ ምርመራ

መነሻ

መጽሐፍ የሚተረጕም ሰው ከኹሉ አብልጦ ሊፈራው የሚገባ ስሕተት አንድ ነው፤ ይኸውም በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ቃል «የለም» ብሎ መመስከር ነው። ያለውን አጣሞ የተረጐመ እንደ ኾነ ሌላው ሊቅ ገጹን ገልጦ ያቀናዋል። ያለውን የለም ያለ እንደ ኾነ ግን፥ ሰሚው የሚገልጠውን ገጽ ስለማያውቅ፥ ስሕተቱ ሳይታይ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ይኖራል።

እኛም ከዚህ ስሕተት የዳንነው በጥቂት ነው። ስለ ምስጋና ማሳረጊያ ቃላት አንድ ሐተታ ስናዘጋጅ፥ «ጋራ» እና «በ» የሚሉት ኹለት ቃላት በጥንታውያን አበው ጽሑፍ እንዴት እንደ ተነገሩ ለማየት አስበን፥ በኮምፒዩተር የተሰበሰበ አንድ የመጻሕፍት ክምችት ከፈትንና በእንግሊዝኛው ትርጕም ፈለግን። መሣሪያውም «ምንም አልተገኘም» ብሎ መለሰልን። ብዕር አንሥተን «ይህ አነጋገር በእነዚህ መጻሕፍት የለም» ብለን ልንጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ያንኑ አነጋገር ከጥቂት ቀን በፊት በዓይናችን ማንበባችን ትዝ ስላለን ተውነው። ቈይተን እንደ ተረዳነው፥ መሣሪያው ቃሉን ፈልጎ ያጣው አልነበረም፤ ገና መጻሕፍቱ ሲገቡ ቃሉን ከቍጥር አውጥቶ ጥሎት ነበር። «አልተገኘም» ያለው «አልፈለግኹም» ማለት ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ እጅግ የሚዘወተሩትን ጥቃቅን ቃላት ማውጫ አዘጋጆች ለምን ጣሏቸው? መጣላቸውስ በምን ይጠቅማል፥ በምንስ ይጐዳል? ለእኛስ ቋንቋ እንዴት ያለ ሥርዐት ይስማማዋል? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ቃላቱ የተጣሉበት ምክንያት

የቃላት ማውጫ ማለት የአንድ መጽሐፍ ቃላትን በፊደል ተራ አሰልፎ፥ እያንዳንዱ ቃል የሚገኝበትን ስፍራ የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። ይህን ሥራ በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያሠራው፥ በፓሪስ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የነበረው ዶሚኒካዊው መነኵሴ ኡጎ ዘሳን ሼር ነው፤ ዘመኑም 1230ዎቹ ነበር። ምዕራፎቹ ገና በቍጥር አልተከፈሉምና፥ እያንዳንዱን ምዕራፍ በሰባት የላቲን ፊደላት ከፍለው ቃሉ በየትኛው ክፍል እንዳለ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተከተሉት፤ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አሌክሳንደር ክሩደን በ1737 በሎንዶን ያሳተመው፥ ጀምስ ስትሮንግም በ1890 በአሜሪካ ያሳተመው ማውጫ ስማቸው የታወቀ ነው።

እነዚህ ሰዎች ኹሉ በሥራቸው መካከል አንድ ችግር አገኛቸው። የትኛውም ቋንቋ ቢኾን ቃላቱ እኩል አይመላለሱም። ጥቂቶቹ በየመስመሩ ይነገራሉ፤ ብዙዎቹ ግን በመጽሐፉ ኹሉ አንድ ወይም ኹለት ጊዜ ብቻ ይታያሉ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላት ተሰብስበው በተቈጠሩ ጊዜ፥ «ዘ» የሚለው አመልካች ቃል ብቻውን ከመቶው 7 ያህሉን ይዞ ተገኘ፤ የክምችቱንም እኩሌታ ለመሙላት 135 ዐይነት ቃላት በቁ። እንግዲህ ማውጫ የሚሠራ ሰው ኹሉንም ልጻፍ ቢል፥ ከድካሙ እኩሌታው በእነዚህ በጥቂቶቹ ላይ ያልቃል። ወረቀቱም፥ የአታሚው ገንዘብም፥ የአንባቢው ዓይንም እንዲሁ።

ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ማውጫ የሚፈለገው ስፍራን ለመለየት ነው። በየገጹ የሚገኝ ቃል ግን አንዱን ገጽ ከሌላው አይለይም። በመንደሩ ቤት ኹሉ ጢስ ሲጤስ፥ እንግዳ ሰው ድግስ ያለበትን ቤት በጢስ ሊለይ አይችልም። «መርከብ» የሚለውን ቃል የሚፈልግ ሰው ወደ ኖኅ ወይም ወደ ዮናስ ይደርሳል፤ «እና» የሚለውን የሚፈልግ ሰው ግን ከወጣበት አይደርስም። ይህ ምክንያት እውነተኛ ስለ ኾነ አንነቅፈውም።

ስትሮንግ ከሌሎቹ ይልቅ ተጠንቅቋል ማለት ይገባል። እርሱ 47 የተዘወተሩ ቃላትን ከዋናው ማውጫ ለይቶ በመጨረሻ በተጨማሪ ክፍል አኖራቸው፤ ሌሎቹን ቃላት ከነዐረፍተ ነገራቸው ሲጽፍ፥ እነዚህን ግን ምዕራፍና ቍጥራቸውን ብቻ ደረደረ። ስለዚህ ፈጽሞ አልጣላቸውም፤ በጓዳ አኖራቸው እንጂ። ነገር ግን ከ47ቱ መካከል የትኞቹ እንዳሉ ተመልከት፤ «በ»፥ «ከ»፥ «ለ»፥ «ወደ»፥ «ጋራ» የሚሉት አሉ፤ «ነበረ» የሚለው አለ፤ ከዚያም በላይ «ኖት» የተባለው የእንግሊዝኛው የማፍረሻ ቃል አለ። ይህ ቃል ቢጐድል ምን እንደሚኾን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በ1631 ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ በሎንዶን ባሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ፥ በዘፀአት 20፥14 ካለው ትእዛዝ ይህች አንዲት ቃል በአታሚ ስሕተት ወደቀች፤ ዝሙትን የሚከለክለው ሕግ ዝሙትን የሚያዝ ኾኖ ወጣ፤ አታሚዎቹም 300 ፓውንድ ተቀጡ። አታሚ ሲጥላት ቅጣት የሚያስከትል ቃል፥ ማውጫ አዘጋጅ ሲጥላት ግን እንደ ደንብ ተቈጠረ።

ሥራው ከሰው እጅ ወደ ኮምፒዩተር በተላለፈ ጊዜ፥ ልማዱም አብሮ ተላለፈ። በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን በ1958 ባወጣው ጽሑፍ፥ የአንድ ድርሰት ዋና አሳብ የሚገኘው እጅግ በሚበዙትም እጅግ በሚያንሱትም ቃላት ዘንድ ሳይኾን በመካከለኞቹ ዘንድ እንደ ኾነ አሳየ። ከዚያ በኋላ የሚጣሉ ቃላት ዝርዝር መሥራት የተለመደ ኾነ፤ አንዳንዱ ዝርዝር 200 ወይም 300 ቃላት ነበረው። በ1970ዎቹ ለሕዝብ የተከፈተው ዳያሎግ የተባለው የአሜሪካ የፍለጋ አገልግሎት ግን በትዕግሥት 9 ቃላትን ብቻ ጣለ። ከዘጠኙም ስድስቱ በእኛ ቋንቋ «በ»፥ «ለ»፥ «ከ»፥ «የ»፥ «ወደ»፥ «ጋራ» የምንላቸው ናቸው። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ስድስቱን በልብህ ያዛቸው፤ በሚቀጥለው ክፍል እንደ ገና ታገኛቸዋለኽና።

2ኛ፤ በተጣሉት ቃላት ላይ የቆመ ክርክር

ጥቃቅን ቃላት ትርጕም የላቸውም የሚል ሰው፥ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ያላነበበ ነው። ምነው ቢሉ፥ ከታላላቆቹ ክርክሮች አያሌዎቹ የተነሡት በስምና በግስ አይደለም፤ በመስተዋድድ ነው እንጂ።

ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ መንፈስ ቅዱስ የተባለውን መጽሐፉን የጻፈው በ375 ገደማ ለአምፊሎክዮስ ዘኢቆንዮን ነው። የመጽሐፉ መነሻ ምን ነበር? ባስልዮስ በምስጋና ጊዜ ለአብ ምስጋና ሲያቀርብ፥ አንዳንድ ጊዜ በወልድ በኩል፥ በመንፈስ ቅዱስ ይል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከወልድ ጋራ፥ ከመንፈስ ቅዱስም ጋራ ይል ነበር። የሰሙት ሰዎች «ጋራ» ማለቱ አዲስ ነገር ነው ብለው ከሰሱት። የኤቲዮስን ትምህርት የተከተሉት ወገኖችም፥ መጽሐፍ ለአብ «ከ» ለወልድ «በኩል» ለመንፈስ ቅዱስ «በ» የሚል ቃል ለይቶ ሰጥቷልና፥ ቃላቱ እንደ ተለያዩ ባሕርያቸውም የተለያየ ነው አሉ። ባስልዮስ የመለሰላቸው በምን ነው? መጻሕፍቱን አገላብጦ፥ «በኩል» ለአብም የተነገረበትን፥ «ከ» ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስም የተነገረበትን ስፍራ እያወጣ በማሳየት ነው። ማውጫ በሌለበት ዘመን የመስተዋድዳንን ማውጫ ከልቡ አወጣ። ዛሬ አንድ ተማሪ ያንኑ ክርክር ለመመርመር ዘጠኙን ቃላት ወደሚጥለው መሣሪያ ቢሄድ፥ ከባስልዮስ ማስረጃ ብዙውን አያገኝም።

ከዚህ በኋላ በ451 በኬልቄዶን የተደረገው ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናትን እስከ ዛሬ ከከፈለ ነገር አንዱ፥ ከኹለት ባሕርይ ወይስ በኹለት ባሕርይ ይባል የሚለው ነው። በግሪክኛ «ኤክ» እና «ኤን» የሚሉት ኹለት ቃላት ናቸው፤ በግእዝ «እም» እና «በ» ይኾናሉ፤ በአማርኛ ግን ከአንድ ፊደል አይበልጡም፤ «ከ» እና «በ»። የትኛው ወገን እንደ ቀና መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የእኛ ነገር፥ እነዚህን ኹለት ፊደላት እኩል የሚጥል ማውጫ የኹለቱን ወገን መጻሕፍት አንድ አድርጎ ያሳያል ማለት ብቻ ነው።

በላቲን መጻሕፍት ላይ የኾነው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ከኡጎ ጀምሮ ወደ 200 ዓመት ያህል፥ የላቲን ማውጫዎች የማይረቡትን ጥቃቅን ቃላት አያስገቡም ነበር። በ1431 በባዝል ከተማ በተጀመረው ጉባኤ ግን ከቦሔምያ ሰዎችና ከግሪኮች ጋራ ክርክር ተነሣ። የቦሔምያ ሰዎች ሕዝቡ ሥጋውንም ደሙንም ሊቀበል ይገባል ሲሉ፥ ክርክሩ በዮሐንስ 6፥53 ባለችው «ኒሲ» በምትባል ቃል ላይ ወደቀ፤ እርስዋም በአማርኛ ግስ ላይ የምትጫነው «ካል» ናት። ከግሪኮች ጋራ የነበረው ደግሞ ስለ መንፈስ ቅዱስ መውጣት ነበርና፥ «ኤክስ» እና «ፔር» በሚሉት፥ ማለት «ከ» እና «በኩል» በሚሉት ላይ ወደቀ። ለጉባኤው የቆመውና በ1435 ወደ ቍስጥንጥንያ የተላከው ዶሚኒካዊው ዮሐንስ ዘራጉሳ ማውጫዎቹን ቢገልጥ፥ የሚያስፈልጉት ቃላት በሙሉ ተጥለው አገኛቸው። ስለዚህ ከጸሐፊዎቹ ጋራ የጥቃቅኖቹን ቃላት ማውጫ ብቻውን ማዘጋጀት ጀመረ፤ ሌሎች ፈጸሙት፤ በ1496ም በባዝል ታተመ። እንግዲህ የተጣሉት ቃላት ወደ ማውጫ የተመለሱት ሊቃውንት ስለ ሰዋስው ስለ ተጨነቁ አይደለም፤ የአብያተ ክርስቲያናት ዕርቅ በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ተገኘ ነው።

ሦስተኛው ምስክር በእኛው ዘመን የነበረ ነው። ኢጣልያዊው የኢየሱሳውያን ካህን ሮቤርቶ ቡዛ በ1940ዎቹ በቶማስ አኩዊናስ ትምህርት ላይ፥ አንዱ በሌላው ዘንድ መገኘቱና ማደሩ እንዴት እንደ ተነገረ ሲመረምር፥ አስቀድሞ «መገኘት» የሚለውን ስም በማውጫዎቹ ፈለገ። ስሙን አገኘው፤ ነገሩን ግን በስሙ ውስጥ አላገኘውም። ትምህርቱ ያለው «ኢን» በምትባል መስተዋድድ፥ ማለት በእኛ «በ» ወይም «ውስጥ» በምትባለው ላይ እንደ ኾነ ተረዳ። ስለዚህ ይህች ቃል ያለችባቸውን ዐረፍተ ነገሮች በእጁ እየጻፈ 10,000 ካርዶች ሞላ። ከዚያም ይህ ድካም በመኪና ሊቀልል ይችል እንደ ኾነ ለመጠየቅ በ1949 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የአይ ቢ ኤምን አለቃ ቶማስ ዋትሰንን አነጋገረ። ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጉ ቃላትን የያዘው የቶማስ ማውጫ ከ1974 እስከ 1980 በ56 ቅጽ ታተመ። ቡዛም በ2011 በ97 ዓመቱ ዐረፈ። በኮምፒዩተር መጻሕፍትን መመርመር የተጀመረበትን ሥራ ከፍ አድርገው የሚያከብሩ ሰዎች፥ መነሻው አንዲት ትንሽ መስተዋድድ እንደ ነበረች ባይረሱ መልካም ነው። ሉን ትጣል ያላትን ዐይነት ቃል ቡዛ አሥር ሺሕ ጊዜ በእጁ ጻፋት።

3ኛ፤ ከመጣል ወደ መመዘን

የፍለጋ መሣሪያ አዋቂዎች ግን በመጀመሪያው አሳባቸው ጸንተው አልቀሩም፤ ይህንም ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ይኾንብናል። በ1972 እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ ከመጣል የተሻለ መንገድ አሳየች። የእርስዋ አሳብ እንዲህ ነው፤ ቃሉ በስንት መጻሕፍት ውስጥ እንደሚገኝ ይቈጠር፤ በጥቂቶች የሚገኘው ከባድ ሚዛን ይሰጠው፤ በብዙዎች የሚገኘው ቀላል ሚዛን ይሰጠው። በመጻሕፍቱ ኹሉ የሚገኝ ቃል ሚዛኑ ከምንም ይቈጠራል፤ ነገር ግን ከቤት አልተባረረም፤ በስፍራው አለ። ዳኛው ምስክሩን ከሸንጎ አላስወጣውም፤ የቃሉን ክብደት አሳነሰው እንጂ።

ከዚህም ጋራ የኮምፒዩተር ማኅደር እየሰፋ ዋጋውም እየቀነሰ ስለ ሄደ፥ ቃላትን ለመጣል ያስገደደው የቦታ ጥበት ቀረ። የሚጣሉት ቃላት ዝርዝር ከ300 ወደ 12 ወደ 7 ወረደ፤ ታላላቆቹ የኢንተርኔት ፍለጋዎችም ዝርዝሩን በጠቅላላው ወደ መተው ደረሱ። ጉግል በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ፥ ቃሉ እጅግ የተዘወተረ ስለ ኾነ በፍለጋው አልገባም የሚል ማስታወቂያ ለጠያቂው ያወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ያለውን፥ ስለ መኖርና ስላለመኖር የሚጀምረውን የታወቀ ንግግር በመነሻ ቃላቱ የፈለገ ሰው ይቸገር ነበር፤ መነሻው ከጥቃቅን ቃላት ብቻ የተሠራ ነውና። ያ ማስታወቂያ ዛሬ ቀርቷል። ቢኾንም ለእርሱ አንድ ምስጋና እንከፍላለን፤ የጣለውን ጣልኹ ብሎ ይናገር ነበር። እኛን ያሳሳተን መሣሪያ ይህን እንኳ አላደረገም።

በ2019 በጥቅምት ወር ጉግል በርት የተባለውን አዲስ የቋንቋ አሠራር በፍለጋው ላይ ማዋሉን ሲያስታውቅ፥ ለምሳሌ ያቀረበው ነገር ለጕዳያችን ታላቅ ምስክር ነው። አንድ ሰው የብራዚል መንገደኛ ወደ አሜሪካ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገው እንደ ኾነ ይጠይቃል። የቀድሞው አሠራር «ብራዚል»፥ «አሜሪካ»፥ «ቪዛ» የሚሉትን ከባድ ቃላት ይዞ፥ «ወደ» የምትለውን ግን ቸል ብሎ፥ አሜሪካውያን ወደ ብራዚል ስለሚሄዱበት ነገር የሚናገር ገጽ ያመጣ ነበር። አዲሱ አሠራር ቃሉን ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ጋራ ስለሚያነብ፥ መንገዱ ከየት ወደ የት እንደ ኾነ ለየ። ስሞቹ ምን እንዳለ ነገሩን፤ ማን ወደ ማን እንደ ሄደ የነገረችን ግን ያች የተናቀች ቃል ናት። ባስልዮስ ከ1,600 ዓመት በፊት የተከራከረበትን ነገር የፍለጋ ነጋዴዎች በመንገደኛ ቪዛ ላይ አገኙት።

ነገር ግን ይህ መሻሻል ለመጽሐፍ ተርጓሚ በቂ ነው ወይ ቢሉ፥ አይደለም። የፍለጋ መሣሪያና የቃላት ማውጫ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነውና። የፍለጋ መሣሪያ ከብዙው ገጽ መካከል ለጠያቂው ይሻላል ያለውን አስቀድሞ ያቀርባል፤ ማውጫ ግን ቃሉ ያለበትን ስፍራ ኹሉ፥ አንድም ሳያስቀር፥ ሳያበላልጥ ይደረድራል። «ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር አምጣልኝ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ይበቃዋል። «ይህ ቃል በዚህ መጽሐፍ ስንት ጊዜ አለ? የሌለበትስ የት ነው?» ለሚል ሰው ግን ከኹለተኛው በቀር የሚበቃው የለም። ባስልዮስ የተከሰሰው «ይህ አነጋገር በመጽሐፍ የለም» ተብሎ ነበር፤ እንዲህ ያለው ክስ የሚፈርሰው ወይም የሚጸናው በሙሉ ቈጠራ ነው፤ በተመረጡ ዐሥር ገጾች አይደለም።

4ኛ፤ በእኛ ቋንቋ

እስከ አኹን የተናገርነው ስለ ላቲንና ስለ እንግሊዝኛ ነው። በእነዚያ ቋንቋዎች ጥቃቅኖቹ ቃላት ብቻቸውን ቆመው ይጻፋሉ፤ ስለዚህ የወደደ ይጥላቸዋል፥ የወደደ ያኖራቸዋል። በአማርኛና በግእዝ ግን አብዛኞቹ ከስሙና ከግሱ ጋራ ተጣብቀው እንደ አንድ ቃል ይጻፋሉ። «በቤት»፥ «ከቤት»፥ «ለቤት»፥ «የቤት»፥ «ቤትም»፥ «ቤትና»፥ «ቤትን» ለሰው ዓይን አንድ ቤት ናቸው፤ ለመኪና ግን ሰባት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። «ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሰባቱን እንዲያገኝ ቅጥያዎቹ መገፈፍ አለባቸው። ለእኛ እንግዲህ ጥያቄው ቃል መጣል ብቻ አይደለም፤ ፊደል መግፈፍም ነው።

ፊደል መግፈፍ ደግሞ ከመጣል ይልቅ አደገኛ ነው። «በ» በቃል መጀመሪያ በታየች ጊዜ ኹሉ መስተዋድድ ናት ብሎ የሚገፍ መሣሪያ፥ «በሬ»ን «ሬ» «በግ»ን «ግ» ያደርጋቸዋል። «ከ»ንም የሚገፍ እንደ ኾነ «ከበሮ» አስቀድሞ «በሮ» ይኾናል፥ ኹለተኛ ቢገፈፍ «ሮ» ብቻ ይቀራል። በቃል መጨረሻም እንዲሁ ነው። «ና»ን የሚቈርጥ መሣሪያ «ቅድስና»ን «ቅድስ» «ትሕትና»ን «ትሕት» ያደርጋል፤ «ልቡና»ን ሲቈርጥ ደግሞ «ልቡ» የሚል ሌላ እውነተኛ ቃል ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ከሌላው ይልቅ ክፉ ነው፤ የወጣው ቃል ትርጕም ስላለው ስሕተት መኾኑ አይታወቅምና። «ም»ን የሚቈርጥ መሣሪያ «ሰላም»ን ወደ «ሰላ» ይለውጣል፤ ሰላም የፈለገ ሰው የሰላ ነገር ይቀርብለታል። «ማርያም» እንኳ ከዚህ መቍረጫ አታመልጥም።

ከኹሉ የሚከፋው ግን የማፍረሻው ነገር ነው። እንግሊዝኛ «ኖት» ብሎ ለብቻው የሚጽፈውን እኛ «አል» እና «ም» በሚሉ ቅጥያዎች ግሱን ከግራና ከቀኝ ይዘን እንናገራለን። ኹለቱን እንደ ተራ ቅጥያ የሚገፍ መሣሪያ «አልመጣም»ን «መጣ» አድርጎ ያኖረዋል። በ1631 የሎንዶን አታሚዎች አንድ ጊዜ የሳቱትን ስሕተት፥ ይህ መሣሪያ በየገጹ በሥርዐት ይሠራዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ከሌላ አገር የመጣውን የሚጣሉ ቃላት ዝርዝር ወደ አማርኛ ገልብጦ መጠቀም ሥራ እንዳይመስለን። የእኛ ሊቃውንት ለዚህ ነገር ከጥንት የያዙት የራሳቸው ሥርዐት አላቸው። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር ግስ ካወረደ በኋላ አገባብ ይማራል። አገባብ የሚባሉትም እነዚህ ጥቃቅን ቃላት ናቸው፤ ሊቃውንቱም ዐቢይ፥ ንኡስ፥ ደቂቅ ብለው በሦስት ክፍል ይለዩአቸዋል፤ እያንዳንዱ በየት እንደሚገባ፥ ምን እንደሚያስር፥ ስንት ዐይነት ትርጕም እንዳለው ለብቻው ይጠናል። ደቂቅ መባላቸው ታናሽነታቸውን ያሳያል፤ ለብቻቸው መጠናታቸው ግን ክብራቸውን ያሳያል። ስማቸውም ይበቃል፤ አገባብ ማለት ነገር ወደ ነገር የሚገባበት በር ማለት ነውና። በሩን ነቅሎ የጣለ ሰው ግድግዳው ሙሉ ቢኾንለትም ወደ ቤቱ መግባት አይችልም።

ፍርድ

ከዚህ ኹሉ በኋላ ፍርዳችን ይህ ነው። የተዘወተሩ ቃላት ስፍራ ለመፈለግ የሚሰጡት ጥቅም ጥቂት መኾኑን ያዩ ሰዎች እውነት አይተዋል። ከዚህ ተነሥተው ቃላቱ ትርጕም የላቸውም ያሉት ግን ተሳስተዋል። ስም የነገሩን ማንነት ይነግረናል፤ ጥቃቅኑ ቃል ግን የነገሩን ዝምድና ይነግረናል፤ የሃይማኖትም ኾነ የሕግ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዝምድናው ላይ ነው። አንድ ቃል ለፈላጊ መቅለሉ ለአንባቢ መቅለሉ አይደለም።

ስለዚህ የአማርኛና የግእዝ መጻሕፍትን በኮምፒዩተር ለሚያሰባስቡ ሰዎች አራት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ቃሉ እንደ ተጻፈ ሳይገፈፍ ይቀመጥ፤ የተገፈፈው ከጎኑ ይጻፍ እንጂ በስፍራው አይተካ። ኹለተኛ፥ መጣል የሚያስፈልግ እንደ ኾነ ጠያቂው ሲጠይቅ ይደረግ እንጂ መጽሐፉ ሲገባ አይደረግ፤ በመግቢያ የተጣለ አይመለስምና። ሦስተኛ፥ የሚጣሉት ቃላትና የሚገፈፉት ቅጥያዎች ዝርዝር ለኹሉ በሚታይ ስፍራ ይጻፍ። አራተኛ፥ «አልተገኘም» የሚለው መልስ «አልተፈለገም» ከሚለው መልስ ተለይቶ ይነገር። ከአራቱ ዋጋ የሚያስወጡት የመጀመሪያዎቹ ኹለቱ ናቸው፤ የኋለኞቹ ኹለቱ ግን ከታማኝነት በቀር ሌላ ዋጋ አይጠይቁም።

ለአንባቢና ለተርጓሚም አንድ ምክር አለን። በማንኛውም ማውጫ ወይም ፍለጋ «የለም» ብለህ ከመመስከርህ በፊት፥ መኖሩን በእርግጥ የምታውቀውን አንድ ስፍራ ፈልግ። መሣሪያው እርሱን ካላመጣልህ፥ ስለማታውቀው የሚነግርህን አትመን። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኛም ባናደርገው ኖሮ ሐሰት በታተመ ነበር። ሐተታችንን በመጨረሻ የፈጸምነው ያን መሣሪያ ዘግተን መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ በማንበብ ነው።

በእጅህ ያለው የትርጓሜ ሥርዐት ራሱ ስሙን ከየት እንዳገኘ ደግሞ ልብ በል። አንድምታ የተባለው «አንድም» ከምትለው ቃል የተነሣ ነው። ይህች ቃል በየገጹ ስለምትመላለስ በማናቸውም የሚጣሉ ቃላት ዝርዝር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ትጻፋለች። ከትርጓሜው መጻሕፍት ብትጠፋ ግን የመጀመሪያው ትርጕም የት እንዳለቀ፥ ኹለተኛውም ከየት እንደ ጀመረ የሚያውቅ አይኖርም፤ መምህራን ለያይተው ያቈዩልን ምስጢር ኹሉ እርስ በርሱ ተደባልቆ ይቀራል።